ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት

ማሴሩ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1996

ወንድሜ ፖትላኮ፣

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። የአውቶቡሱ ሾፌር ንታቴ ሌቦና ገና በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ወንድምሽ መልሱን ዛሬውኑ ይዘህ ና ብሎኛል» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ስምህን ጥድፊያ ብሎ ያወጣልህ አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልተሳሳተም። እኔ ግን ሁለት ቀን አሰብኩበት። ይቅር በለኝ።

የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነ? የላክሁላትን ቅባት ትቀባዋለች ወይስ ለጎረቤት አደለችው? ሚስትህ ፑሌንግስ ደህና ናት? ለገና ስላልመጣሁ እንደተቀየማችሁ አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን ወደ ሞዛምቢክ የሚወርደው ሰው ስለሚበዛ የክሊኒካችን የመንገደኞች ክፍል አይዘጋም።

በመዘምራንህ ግብዣ ደስ ብሎኛል። ከሃ ሴማፖ ተራራ ተነስቶ ፋሲካን ማላዊ ሐይቅ ዳር መዘመር! ይህን አባታችን ባየው።

ለጠየቅኸኝ ግን መልሴ አይሆንም ነው። ለሠላሳ አንድ ሰው የሚበቃ የወባ ክኒን በላስቲክ ቋጥሬ በሾፌር እጅ አልልክም። ክኒን እንደ ስኳር ለሁሉም እኩል አይታደልም። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አለ፣ በየቀኑ የሚዋጥ አለ። አንዱን የጠበቀው ሌላውን ይጥለዋል። ማን የቱን እንደሚወስድ፣ ማን ደግሞ ጭራሽ መሄድ እንደሌለበት ለማወቅ እያንዳንዱን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ መጠየቅ አለብኝ። እኛ ደገኞች ነን፤ ደማችን ወባን አያውቃትም። የቆላውን ሰው ሁለት ቀን አስተኝታ የምትለቀው ወባ እኛን ትቀብረናለች።

ስለዚህ ሰዎችህን ወደ ማሴሩ አምጣቸው።

እህትህ ኬኔዌ

*

ሃ ሴማፖ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1996

እትዬ፣

የእናታችን ጉልበት ደህና ነው። ቅባቱን ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ፑሌንግም ደህና ናት፤ ሙቀቱ ነው መሰለኝ ምግብ ትንሽ ቀንሳለች።

ደብዳቤሽን ለመዘምራኑ አነበብኩላቸው። ንታቴ ሴኮቤ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሽማግሌያችን፣ ከወንበሩ ተነሳና «ሁለት ሺህ ሜትር የማዕድን ጉድጓድ ወርጄ በሕይወት የወጣሁ ሰው ዛሬ ቢምቢ ልፈራ ነው?» ብሎ ቤቱን በሳቅ አናወጠው። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽሽም።

እትዬ፣ ከዚህ እስከ ማሴሩ ያለውን መንገድ ረሳሽው? ሠላሳ አንድ ሰው ከብቱንና ማሳውን ጥሎ፣ ቀኑን ሙሉ ወርዶ፣ አድሮ፣ ቀኑን ሙሉ ሊወጣ? ያውም ለጥያቄ! አወሳሰዱ ክኒኑ ላይ ተጽፏል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ማንበብ አያቅተኝም። ከአራት ዓመት በፊት ለጓደኛዬ ለሞሌሌኪ በፖስታ ልከሽለት አልነበረም እንዴ? ያኔ ሕግ አልነበረም፣ ለገዛ ወንድምሽ ሲሆን ሕጉ በዛ?

ወይ ላኪልን፣ ወይ እንዲሁ እንሄዳለን። ከተማ የገባ ሰው ሁሉ እንዲህ ይሆናል ሲሉ አላምንም ነበር።

ፖትላኮ

*

ማሴሩ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1996

ፖትላኮ፣

ሞሌሌኪን አነሳኸው። እንግዲያው ለማንም ያልተናገርኩትን ስማ።

«ጓደኛዬ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ቴቴ ሊሄድ ነው፣ ክኒን ላኪለት» ብለህ ጻፍክልኝ። ልወቅስህ አይደለም፤ የላክሁት እኔ ነኝ። የሳምንቱን ክኒን በፖስታ አሸግሁ፣ «በሳምንት አንድ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ ጻፍኩበት፣ ሰደድኩለት። ሌላ ምንም አልጠየቅሁትም። ያ ክኒን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። ሞሌሌኪን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጥለው ነበር። አንተ አታውቅም፤ ሥራውን እንዳያጣ ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔም የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው፣ ሚስቱ ማኔኦ እያለቀሰች ስትነግረኝ። ሣጥኑን ተሸክመህ «ወንዝ ዳር ሲታጠብ አዳልጦት ነው የሰጠመው» ስትል ሰምቼህ ነበር፤ ኋላ የሰማሁትን ግን አልነገርኩህም።

የገደለው ክኒኑ ይሁን አይሁን እርግጠኛ የሚሆን ሰው የለም። ግን አንዲት ጥያቄ ጠይቄው ቢሆን ሌላ ክኒን እሰጠው ነበር። አንዲት ጥያቄ፣ ፖትላኮ።

ማኔኦን እዚህ ገበያ አገኛታለሁ። «መድኃኒት ስለላክሽለት እግዚአብሔር ይስጥሽ» ትለኛለች። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ወደ መንገደኞች ክፍል አዛውሩኝ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተ መውረድ ካልቻላችሁ እኔ እወጣለሁ። ዓርብ ፌብሩዋሪ 23 እደርሳለሁ። ለቅዳሜ ጠዋት አንድ የመማሪያ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና በሩ ላይ የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ አዘጋጅልኝ። ሰው አንድ በአንድ ይገባል፤ ከብርድ ልብሱ በስተጀርባ የተነገረ ነገር እዚያው ይቀራል። ንታቴ ሴኮቤን መጀመሪያ አስገባልኝ። እሱ ከተቀመጠ ሌላው ሁሉ ይቀመጣል።

ኬኔዌ

*

ማሴሩ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1996

ፖትላኮ፣

በሰላም ገባሁ። እናታችን ያስያዘችኝን ዳቦ ግማሹን ንታቴ ሌቦና በላው፤ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሲጎርስ ከወባው ይልቅ ገደሉን ፈራሁ።

ስትሸኘኝ ፊትህን እያየሁ ልነግርህ ያልቻልኩት ነገር ስላለ አሁን እጽፈዋለሁ። ይቅርታ።

ዶክተራችን ዝርዝሩን አይቶ ፈርሞበታል። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሰባታችሁ የሳምንቱን ክኒን ትወስዳላችሁ፣ ሦስቱ የየቀኑን። እሽጉ ላይ ስም አለ። ለምን እንደተለየ ማንንም አትጠይቅ። የሳምንቱ ማርች 16 ይጀመራል፣ ከመንገዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ የማይስማማው ሰው ካለ እዚሁ እንዲታወቅ። ሠላሳ አጎበር ከክሊኒኩ ተውሼ በአውቶቡሱ ልኬያለሁ። ከመሸ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ቢምቢ የሚያባርረው ቅባት። ንታቴ ሴኮቤ ጉድጓድ ሲወርድ ቆብ ሳያደርግ ወርዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እብድ ነኝ?» አለኝ። አጎበሩም ያው ነው አልኩት፤ ፈርሞ ወጣ።

ሠላሳ አንደኛዋ ፑሌንግ ናት። ፑሌንግ አትሄድም። ምክንያቱን ልነግርህ አልችልም። ብቻዋን የምትዘምረው ክፍል እንዳለ አውቃለሁ። አትሄድም።

ኬኔዌ

*

ሃ ሴማፖ፣ ማርች 6 ቀን 1996

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም።

ሚስቴ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንደር በሠርጓ ቀን ገና በሚወለደው ልጅ በወጣላት ስም «የሞኬቴ እናት» እየተባለች ትጠራለች፤ ሞኬቴ የሚባል ልጅ ግን የለም። ሁለት ጊዜ ተስፋ አደረግን፣ ሁለቴም ሳይቆይ ከእጃችን ወጣ። ሴቶቹ ምንጭ ዳር ምን እንደሚሏት ታውቂያለሽ። ያላት ድምፅዋ ነው። እነዚያ ሰዎች የጋበዙን እሷን በሬዲዮ ሰምተው ነው፤ ለእኔ እጅ ማወዛወዝ ብለው አይደለም። አንቺ ግን መጥተሽ አንድ ጠዋት ተቀምጠሽ፣ አትሄድም! እሷን ስጠይቃት «እትዬ ካለች አለች ነው» ብላኝ እንስራዋን አንስታ ወጣች። በእኔና በሚስቴ መካከል ምስጢር የምታስቀምጪ አንቺ ማን ነሽ?

ማርች 8። ደብዳቤውን ሳልልከው አደረ። አሁን የምጽፈው ሌላ ነው፣ እትዬ። አስተማሪ ከመሆኔ በፊት እኔም ሦስት ዓመት ማዕድን ሠርቻለሁ። አብረውኝ የሠሩት እየከሱ ሲቀበሩ አይቻለሁ። ፑሌንግ ከስታለች፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷ አመድ ይመስላል። ያ በሽታ ከሆነ፣ እኔ አምጥቼባት ከሆነ፣ ንገሪኝ። አልተዋትም። ብቻ እንዲህ በጨለማ አታስቀምጪኝ።

ፖትላኮ

*

ማሴሩ፣ ማርች 13 ቀን 1996

ወንድሜ፣

አንዱን «አይደለም» ብልህ ሌላውን ትጠይቀኛለህ፤ ስለዚህ «አይደለም»ም «ነው»ም አልልህም። ያን ብርድ ልብስ የሰቀልኩት ለሁሉም ነው። ለወንድሜ ሲሆን ከገለጥኩት፣ ነገ ማን እውነቱን ይነግረኛል?

ራሷን ጠይቃት። ቁጭ ብለህ ጠይቃት፣ ቆመህ አይደለም። «ለምን አትሄጂም» አትበላት። «ምን አስፈራሽ» በላትና ዝም በል። ዝም ማለት እንደሚከብድህ አውቃለሁ።

እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ እህትህ አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ካንተ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ በደንብ ነው የምተኛው።

ኬኔዌ

*

ሃ ሴማፖ፣ ማርች 24 ቀን 1996

እትዬ፣

ጠየቅኋት። በረቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ እኔም ተቀመጥኩ፣ ዝም አልኩ። ስትነግረኝ ከድንጋዩ ተንሸራትቼ ዘጭ አልኩ፣ ፍየሎቹ እንኳ ዞረው አዩኝ።

ቃሉን አልጽፈውም። ያለፉት ሁለቱ ከእጃችን የወጡት ቶሎ ስለተወራላቸው ነው ትላለች። ለእናታችንም አልነገርናት። ከትናንት ጀምሮ ግን እናታችን ውሃ መቅዳት ከልክላታለች፤ ማን እንደነገራት እግዚአብሔር ይወቅ።

«ለእትዬ ነግረሽ ለእኔ እንዴት ትደብቂያለሽ?» አልኳት። «እሷ ጠየቀችኛ! የወር አበባሽ መቼ ነበር አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ወባ ለእንዲህ ዓይነት ሴት ምን እንደምታደርግም ነገረችኝ፤ ሁለቱንም ነው የምትወስደው። አንተ ስለ መዝሙሩ ብቻ ነው የምትጠይቀኝ» አለች። እንግዲያው እኔም እቀራለሁ ስላት ደግሞ ብታያት! «ሠላሳ ሰው ማን ሊመራ ነው? ሂድ! ግን ያን ክኒን ሳትውጥ ብትመለስ በዚህ በር አትገባም!»

ስለ ስድቤ ይቅርታ፣ እትዬ። ስለ ሞሌሌኪም አስቤበታለሁ። «ላኪለት» ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ሸክሙን ብቻሽን አትሸከሚው። ማኔኦ ግን ማወቅ አለባት።

ቅዳሜ እንነሳለን። የፑሌንግን ክፍል ከመዘምራኑ ሴቶች አንዷ፣ ምሜ ማሊካንግ፣ ትዘምረዋለች። ድምፅዋ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ነው። ማላዊዎቹ ይታገሱናል።

ፖትላኮ

*

ንኮታኮታ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1996

እትዬ፣

ነገ እንመለሳለን። በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ ስላስለበስሽን ንታቴ ሴኮቤ በየምሽቱ ይረግምሻል፤ ሱሪውን ግን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ነው። የመጀመሪያው ቀን አጎበሩ ውስጥ ተጠላልፎ እንደ ዓሣ ሲፈራገጥ አራት ሰው ነው ያላቀቀው። ሐይቁ ባሕር ነው፣ ዳርቻ የለውም። በፋሲካ ቀን ምሜ ማሊካንግ ስትዘምር ሕዝቡ አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ግን አጥፍቻለሁ። ያረፍነው ቺንጎሊ በሚባል የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ቤት ነው። ሚስቱ ዓሣ እየገለበጠች፣ በክፋት ሳይሆን እንዲሁ እንደ ወሬ፣ «እናንተ ለአሥር ቀን ክኒንና አጎበር ይዛችሁ መጣችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። የእኔ ልጆች ግን ዓመቱን ሙሉ እዚህ ናቸው» አለችኝ። ሁለት ቀብራለች። ማታ ለመዘምራኑ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተነስቶ አጎበሩን ያጣጠፈው ማን መሰለሽ? ንታቴ ሴኮቤ። ነገ ጠዋት ሠላሳውንም ትተን እንሄዳለን። የክሊኒኩ እንደሆኑ አውቃለሁ።

ፖትላኮ

*

ማሴሩ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1996

ፖትላኮ፣

እንኳን በሰላም ገባችሁ። የተውሶ ዕቃ ታድላለህ! አለቃዬ ፊት ቆሜ «ወንድሜ ነው ያደረገው፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር» አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችኝና «ደብዳቤ ጻፊ፣ እኔም እፈርማለሁ» አለች። አለቀ።

አሁን ዋናውን ስማ። ቢምቢዋ እዚያ ቀርታለች፤ የነከሰችው ሰው ጉበት ውስጥ ያስቀመጠችው ግን አብሮ ተራራ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክኒኑ ሐይቁን ከለቀቃችሁ በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል። እስከ ሜይ 8። «እዚህ ትንኝ የለም» የሚል ሰው ካለ ስሙን ጻፍልኝ። ከዚያም በኋላ፣ ወራት ቢያልፍም፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ እንደገባ የመጀመሪያው ቃሉ «ሐይቅ ዳር ነበርኩ» ይሁን። የእናንተ ጤና ጣቢያ ልጅ ወባ አይቶ አያውቅም። ጉንፋን ነው ይላችኋል፣ አይፈረድበትም።

ክኒኑ የሚያስቸግረው ካለ ይንገረኝ፣ እቀይርለታለሁ። አንተንም ጨምሮ።

ያልጻፍከው ነገር እንዴት ነው?

ኬኔዌ

*

ሃ ሴማፖ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1996

እትዬ፣

ሁሉም እየዋጡ ነው። ሳምንት ሳምንት ከልምምድ በኋላ አሰልፌ ነው የማስውጣቸው፣ ምላሳቸውን እያየሁ። እኔም ደህና ነኝ። ፈተና ደርሶ ብዙ አልጽፍም።

ያልጻፍኩት ነገር ደህና ነው። ቀሚሷ እየጠበባት ነው።

ፖትላኮ

*

ማሴሩ፣ ሜይ 29 ቀን 1996

ፖትላኮ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ንታቴ ሌቦና የብርዱ ወር በረዶ መንገዱን እንደዘጋው፣ አውቶቡሱም ከወረዳው ከተማ አልፎ እንደማይወጣ ነገረኝ። «ወንድምሽን አላየሁትም» አለና ዓይኑን ሰበረ። ምን ሰምቶ ነው? አንተ መቼም መልስ የምታዘገይ ሰው አይደለህም።

ፑሌንግ ደህና ናት? ስለ እሷ ከሆነ አትደብቀኝ። ስለ ሌላ ከሆነም አትደብቀኝ። መንገዱ እንደተከፈተ እመጣለሁ።

ኬኔዌ

*

የወረዳው ሐኪም ቤት፣ ጁን 17 ቀን 1996

እትዬ፣

ተኝቼ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን ይቅር በይ። ከሱ በፊት ግን ሌላ ይቅርታ አለብኝ።

ዋሽቼሻለሁ። የሰዎቹን ምላስ ሳይ የራሴን ክኒን ኪሴ ውስጥ እከት ነበር። ከሐይቁ ከተመለስን ጀምሮ ክፉ ሕልም አላስተኛ አለኝ፤ ሞሌሌኪ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠራኛል። ክኒኑ እንዲህ እንደሚያደርግ ያን ቅዳሜ ነግረሽናል፣ አልረሳሁትም። ግን ሠላሳ ሰው እያስዋጥሁ «እኔን አስቸገረኝ» ማለት አፈርኩ። ተራራችን ላይ ነን፣ ምን ይመጣል አልኩና ተውኩት።

ሜይ 18 ብርድ ብርድ አለኝ። ተራራችን ላይ በሜይ የማይበርደው ማን አለ? ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ልጁ ጉንፋን ነው ብሎ የራስ ምታት ክኒን ሰጠኝ። ሐይቁን አላነሳሁም። ብነግረው ክኒኑን መተዌ ሊታወቅ ነው። በአራተኛው ቀን የምለውን አላውቅም ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን የምነግርሽ ከፑሌንግና ከንታቴ ሴኮቤ የሰማሁትን ነው።

ፑሌንግ ሱሪዬን ልታጥብ ስትል ክኒኖቹን ከኪሴ አገኘቻቸው። ቆጠረቻቸው። ንታቴ ሴኮቤ ቤት ሄዳ «ፈረስህን ጫን» ብቻ አለችው። እኔን ፈረሱ ላይ አስረው፣ በረዶውን እየረገጡ፣ እሷ በዚያ ሁኔታዋ በእግሯ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተጓዙ። እናታችን አትሄጂም ብላ በሩ ላይ ብትቆም «ምሜ፣ በሆዴ ያለው ልጅ አባት ያስፈልገዋል» አለቻት። ቃሉ እንዲህ ወጣ፤ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

እዚህ ሲደርሱ ተረኛው ተራ ጠብቁ አለ። ፑሌንግ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጇን ዘረጋች። «ይሄ ሰው ማላዊ ሐይቅ ዳር ነበር። ክኒኑን አልዋጠም። ደሙን እዩልኝ።» «እመቤት፣ እዚህ አገር ወባ የለም።» «አገሩን አልጠየቅሁህም! ደሙን እይልኝ!» አለች። ያ ብቻዋን ስትዘምር የምታወጣው ድምፅ፣ እትዬ፣ በኮሪደሩ ሙሉ! አንዲት በዕድሜ የገፋች ሐኪም ከጓዳ ወጥታ መጣች። በወጣትነቷ ዛምቢያ ሠርታ ነበር። ደሜን ራሷ አየችው።

አሥር ቀን ሙሉ የት እንዳለሁ አላውቅም። ኩላሊቴ ሊቆም ነበር አሉኝ። አሁን በግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ፑሌንግ ደህና ናት፤ የሆዷንም ሐኪሟ አዳምጣዋለች፣ ይረግጣል። እኔን ግን አታናግረኝም። ሾርባ ታጎርሰኛለች። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ሌሎቹ ሃያ ዘጠኙ፣ አንዳቸውም አልታመሙም።

ፖትላኮ

*

ማሴሩ፣ ጁን 27 ቀን 1996

አንተ ሰው፣

ደብዳቤህን ቆሜ አንብቤ፣ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ተነስቼ ግድግዳውን በጥፊ መታሁት። እጄ አብጧል። ሳገኝህ የቀረውን አንተ ትቀበላለህ።

ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ብርድ ልብሱ ጀርባ አስገባሁ፤ አንተን የቆጠርኩህ በሩ ላይ ቆመህ ስም ስትጠራ ነው። «አንተ ደህና ነህ አይደል?» አልኩህ፣ «ደህና ነኝ» አልክ፣ አለፍን። የሚያስውጠውን ሰው ማን ያስውጠዋል ብዬ አልጠየቅሁም። ክኒኑን ለመቀየር አንዲት መስመር ትበቃህ ነበር፤ ያችን መስመር መጻፍ እንዳያሳፍርህ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። ከዚህ በኋላ መሪውን በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ አስቀምጠዋለሁ።

ማኔኦ ቤት ሄድኩ። ያልከውን አድርጌያለሁ። በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። መጥረጊያዋን አስቀመጠች። እንድሄድ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔም ያኔ በሽታውን ደብቄሻለሁ» አለች። «እንዳትናገሪ ብሎ አስምሎኝ ነበር። ክኒኑን ሲውጥ ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት እኔ ነኝ የገደልኩት ስል ኖርኩ።» ከዚያ ለራት ያመጣችውን ጎመን አብረን ቀነጠስን። ይቅር አላለችኝም። ስወጣ ግን «እሑድ ነይ» አለችኝ። እሄዳለሁ።

ፑሌንግን እንዲህ በላት፤ እስክትፈልግ ዝም ትበል። መብቷ ነው። ብቻ ከዚህ በኋላ በእግሯ ተራራ እንዳትወርድ።

ኬኔዌ

*

ሃ ሴማፖ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1996

እትዬ፣

ሰላም ነን። እናታችን ልብስ ትሠራለች፣ እኔ ማስተማር ጀምሬያለሁ፣ ፑሌንግ በሯን ሞልታ ነው የምትገባው። አዋላጇ ሁለት ሳምንት ቀርቷል ብላለች። ማናገር ከጀመረች ቆየች፤ እንዲያውም አሁን ዝምታዋ ይናፍቀኛል።

ይህን የምጽፍልሽ ቸኩዬ ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን ምክንያት አለኝ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ሠራተኛ ቀጣሪ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ዛምቤዚ ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራል፤ ከእኛና ከጎረቤት መንደር ሃያ አራት ወንዶች ስም ሰጥተዋል። እሑድ ይዣቸው እወርዳለሁ አለ። ፑሌንግ ከጓሮ ሰምታ ወጣች።

«ሐኪም አይቷቸዋል?» አለችው።

«እመቤት፣ ጎረምሶች ናቸው፤ ምን ሐኪም ያስፈልጋቸዋል? ክኒን እዚያው እናድላቸዋለን።»

«ማን ምን ጠይቋቸው ነው የምታድሉት?»

ሰውየው ሳቀና ወደ እኔ ዞረ፣ «ሚስትህን ያዝልኝ» እንደማለት። እኔ ደግሞ ሸሚዜን ገልጬ ኩላሊቴ ሊቆም የነበረበትን ጎን አሳየሁት፤ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ ግን ሸሸት አለ። ይህን ጊዜ ንታቴ ሴኮቤ ወንበር ይዞ መጥቶ ከመኪናው ፊት ለፊት አስቀመጠና ተቀመጠበት። «ልጄ፣ እኔ ጉድጓድ የወረድኩ ሰው ነኝ» አለ፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረ። ታውቂዋለሽ። ሰውየው አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ሰማ። ከወንዶቹ አንዱ ወርዶ ቁጭ አለ፣ ሁለተኛው ወረደ፣ ሁሉም ወረዱ። ሴፕቴምበር ሠላሳ ተመልሶ ሊመጣ ተስማማ። «ከዚያ አንድ ቀን አልጠብቅም» ብሎ ሄደ። አይጠብቅ፤ የየቀኑ ክኒን ከመንገድ ሁለት ቀን ቀድሞ ከተጀመረ ይበቃል ስላልሽን ይበቃናል።

እንግዲህ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 28 ነይልን። ብርድ ልብሱ ተሰቅሏል፣ ሁለቱ ወንበሮች ገብተዋል። ሃያ አራቱም ስማቸውን ጽፈዋል። ቀጣሪው የሾመው አለቃቸው መጀመሪያ ይገባል። ምሜ ማሊካንግ ወረፋ ታስጠብቃለች፤ በዚያ ድምፅ ማንም አያፈነግጥም። ዓርብ አውቶቡሱ ጋ ፈረስ ይዤ እጠብቅሻለሁ።

አዋላጇ የተሳሳተች እንደሆነና ነገሩ ቅዳሜ ከመጣ ግን፣ ፑሌንግ እንዲህ በልልኝ ብላለች፤ መጀመሪያ ወንዶቹን ጨርሺ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ እቆይሻለሁ።

ወንድምሽ ፖትላኮ